የነባር ኮሌጅ የምሥረታ በዓል አዘገጃጀት፦ ቀኑን ከመወሰን እስከ ሒሳብ መዝጋት

“ኮሌጃችን ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ ከየት እንጀምር?” የሚለው ጥያቄ፣ የዓመቱ ቁጥር እየተለዋወጠ፣ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አንዳንዴ የኮሌጅ ዲኖች፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የምሩቃን ማኅበር ጸሐፊዎች ናቸው። እንዲህ ባሉ ኮሚቴዎች ውስጥ በጸሐፊነትና በመርሐ ግብር አስተባባሪነት ሠርቻለሁና፣ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻው ከምመልስ አሠራሩን ከነምክንያቱ በአንድ ቦታ ማስፈር የተሻለ መስሎ ታየኝ። መመሪያው አገር ውስጥ ላለ ኮሌጅ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ምሳሌዎቹን የወሰድኩት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅና ከጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው።

አሥራ ሁለት ወር ካለዎት ሁሉንም ደረጃዎች ይከተሉ። ከስድስት ወር በታች ከቀረዎት ዐውደ ርእዩን ያሳንሱ፣ ቋሚ መታሰቢያውን ለሚቀጥለው ዓመት ያስተላልፉ፤ ደረጃ 1ን፣ 4ንና 5ን ግን በምንም ምክንያት አይዝለሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የኮሌጁ ማቋቋሚያ ሰነዶች ቅጂ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተማሪዎች መዝገብና የምረቃ መጽሔቶች
- ሁለት የድምፅ መቅረጫዎች (አንዱ ለመጠባበቂያ)
- ጠፍጣፋ ስካነርና ሁለት ሃርድ ዲስኮች፤ ሁለቱ ዲስኮች በተለያየ ሕንፃ ይቀመጣሉ
- ሁለት ቅጂ ያለው የውሰት ደረሰኝ ጥራዝ፣ ንጹሕ የወረቀት ፖስታዎች፣ ለስላሳ እርሳስና የጥጥ ጓንት
- ቢያንስ አራት ማይክሮፎኖች፦ አንድ ለተናጋሪ፣ አንድ ለአወያይ፣ ሁለት ለታዳሚ
- ጄኔሬተር ከበቂ ነዳጅ ጋር
- “5 ደቂቃ”፣ “1 ደቂቃ” እና “ጊዜው አልቋል” የሚሉ በትልቁ የተጻፉ ካርዶች
- ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥን፣ የመጠጥ ውሃ
- የክብር መዝገብና እስክሪብቶዎች

ደረጃ 1፦ የምሥረታውን ቀን በሰነድ ያረጋግጡ

ቀላል ይመስላል፤ ከሁሉም በላይ ጭቅጭቅ የሚያስነሣው ግን ይኸው ነው። አንድ ኮሌጅ “ተመሠረተ” የሚባልባቸው ቢያንስ አራት ቀኖች አሉት፦ ስምምነቱ ወይም ማቋቋሚያው የተፈረመበት፣ የመጀመሪያው ትምህርት የተሰጠበት፣ ሕጋዊ ቻርተር ያገኘበትና ሕንፃው በይፋ የተመረቀበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን ቻርተሩን ያገኘው ከዚያ በኋላ በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተመረቀው ደግሞ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። የዓለማያውን ኮሌጅ የወሰድን እንደሆነ፣ ካምፓሱ ተሠርቶ እስኪያልቅ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የተማሩት ጅማ ነበር። ስለዚህ የዓለማያን ግቢ ዕድሜ መቁጠርና የኮሌጁን ዕድሜ መቁጠር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። ኮሚቴው ያገኛቸውን ቀኖች ሁሉ ከነማስረጃቸው በአንድ ገጽ ይዘርዝሩ፤ ከመካከላቸው አንዱን ይምረጡ፤ የመረጡበትን ምክንያት በቃለ ጉባኤ ያስፍሩና የኮሌጁ ኃላፊ እንዲያጸድቀው ያድርጉ። ይህን የምለው ከቀኖቹ አንዱ ብቻ ትክክል ስለሆነ አይደለም። በንግግሮቹ፣ በመጽሔቱና በመታሰቢያ ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ዓመት አንድ ዓይነት እንዲሆን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው ኮሚቴም ክርክሩን እንደገና እንዳይጀምረው ነው። ማስረጃ የሚፈልጉት በመጀመሪያ በሬጅስትራሩና በመዝገብ ቤቱ፣ ቀጥሎ በነጋሪት ጋዜጣ፣ ከዚያም ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በሚታተመው አዲስ ዘመን ጋዜጣ የቆዩ እትሞች ውስጥ ነው። የቆዩ እትሞችን ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሄደው ማገላበጥ ይችላሉ።

*የዘመን ቆጠራ ማስጠንቀቂያ።* የድሮ ኮሌጆች የመጀመሪያ ሰነዶች ብዙዎቹ የተጻፉት በውጭ አገር መምህራንና አስተዳዳሪዎች በመሆኑ ቀናቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ዓመቱን ሲመልሱ ሁልጊዜ ስምንት ብቻ አይቀንሱ፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው። እንደ አውሮፓውያን በ1954 ተከፈተ የሚባለው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ምሥረታ በ1947 ዓ.ም. የሚጻፈው፣ ሥራ የጀመረው ከመስከረም በኋላ ስለሆነ ነው። ዕለቱንም ይጠንቀቁ፦ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ማግሥት ያለው መስከረም 1 የሚውለው በአውሮፓውያኑ መስከረም 12 እንጂ 11 አይደለም፤ አንድ ቀን የመግፋቱ ነገርም እስከ የካቲት 21 ይዘልቃል። ታኅሣሥ 9 በ2018 ዓ.ም. የዋለው በአውሮፓውያኑ ታኅሣሥ 18 ሲሆን፣ በ2020 ዓ.ም. ግን በ19 ይውላል። ለውጭ እንግዶች የሚላከው ደብዳቤ ላይ የአንድ ቀን ስህተት ማለት እንግዳው በዓሉ ካለፈ በኋላ ከአውሮፕላን ይወርዳል ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩን፣ ስሙንና የሚከበርበትን ሳምንት ይወስኑ

የምሥረታውን ዓመት ከሚከበርበት ዓመት ላይ ይቀንሱ፤ የመጀመሪያውን ዓመት እንደ አንድ አይቁጠሩት። በ1943 ዓ.ም. የተጀመረ ተቋም 75 ዓመት የሚሞላው በ2018 ዓ.ም. እንጂ በ2017 ዓ.ም. አይደለም። ብር ኢዮቤልዩ 25፣ ወርቅ ኢዮቤልዩ 50 መሆናቸው ይታወቃል፤ “አልማዝ” ግን ለ60ም ለ75ም ስለሚነገር፣ ይህን ስም ከተጠቀሙ ቁጥሩን ሁልጊዜ አብረው ይጻፉ።

ትክክለኛው ዕለት ለክብረ በዓሉ የማይመች ሊሆን ይችላል። በዕለቱ አጭር ሥነ ሥርዓት አድርጎ ዋናውን መርሐ ግብር ወደሚመች ሳምንት ማዛወር የተለመደ ነው። ሳምንቱን ከመቁረጥዎ በፊት የአካዳሚክ ካሌንደሩን ይመልከቱ፤ በፈተና ሳምንት አዳራሹን የሚሞላ ተማሪ አያገኙም። አጽዋማትንም ይመልከቱ፦ የገና ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ በዓሉ ዋዜማ ስለሚዘልቅ በታኅሣሥ የሚውል የምሥረታ በዓል ሙሉ በሙሉ በጾም ውስጥ ይወድቃል። ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ ያለፈውን ዓመት ቀን እንዳለ አይውሰዱ፤ በ2018 ዓ.ም. ረመዳንም ዐቢይ ጾምም የገቡት በየካቲት ወር ነው። የዓርብ ቀትር ላይ ምንም ዓይነት ንግግር አይመድቡ፤ የጁምዓ ሰላት ሰዓት ነው።

ደረጃ 3፦ ኮሚቴውን አዋቅረው የባንክ ሒሳቡን ይክፈቱ

አንድ ዐቢይ ኮሚቴና አራት ንዑሳን ኮሚቴዎች (የሰነድና ዐውደ ርእይ፣ የጉባኤና ንግግር፣ የገንዘብ፣ የመስተንግዶና ፕሮቶኮል) ይበቃሉ። ከዚህ ሲበዙ አባላቱ ውሳኔ ፍለጋ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲመላለሱ ይውላሉ። በእያንዳንዱ ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ቢያንስ አንድ የአሁን ሠራተኛ ይኑር፤ ቁልፍ ማስከፈት፣ መኪና ማስፈቀድና ደብዳቤ ወጪ ማድረግ የሚችለው እሱ ነውና።

ገንዘብ የሚሰበሰበው በኮሌጁ ወይም በሕግ በተመዘገበ የምሩቃን ማኅበር ስም በተከፈተ፣ የሁለት ሰዎች ፊርማ በሚጠይቅ ሒሳብ ብቻ ይሁን። በግለሰብ ሒሳብ የገባ መዋጮ፣ ሰውዬው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ በመጨረሻ በሐሜት ይጠናቀቃል።

ደረጃ 4፦ በዕድሜ የገፉትን አስቀድመው ያነጋግሩ፤ ፎቶግራፎችንም ይሰብስቡ

ይህ ሥራ ከበዓሉ ቀን ጋር ሳይያያዝ ኮሚቴው በተቋቋመ በመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር። ምክንያቱ ስሌት ነው፦ በ1943 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ኮሌጅ የገባ ሰው በ2018 ዓ.ም. 93 ዓመቱ ነው። አዳራሽ በሁለት ወር ይገኛል፤ የመጀመሪያውን ክፍል የሚያስታውስ ሰው ግን ዛሬ ካልተጠየቀ ነገ ላይኖር ይችላል። ስም ዝርዝሩን ከመጀመሪያው የተማሪዎች መዝገብ ይጀምሩና በዕድሜ ቅደም ተከተል ያነጋግሩ። ምሩቃኑ ብቻ አይደሉም፤ የወጥ ቤት ሠራተኞች፣ የቤተ መጻሕፍት ረዳቶች፣ ጥበቃዎችና ሾፌሮች ዲኑ የማያውቀውን ያውቃሉ።

ሲሄዱ አስቀድመው በቤተሰቡ በኩል ቀጠሮ ይያዙ፤ ጠዋት ይምረጡ፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይቆዩ። የድሮ የክፍል ፎቶግራፍ ይዘው ይሂዱ። “ስለ ኮሌጁ ምን ያስታውሳሉ?” ተብለው “ደግ ጊዜ ነበር” ብለው ዝም ያሉ አንድ አባት፣ ፎቶግራፉን ሳቀርብላቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ በጣታቸው ከኋላ ረድፍ ጀምረው አሥራ አንድ ሰዎችን በስም፣ በመጡበት አውራጃና በመኝታ ክፍላቸው ቁጥር ሲጠሩልኝ ሰምቻለሁ። ከመቅረጽዎ በፊት ቅጂው የት እንደሚቀመጥና ለማን እንደሚከፈት አስረድተው በጽሑፍ ፈቃድ ይቀበሉ።

ፎቶግራፍ ሲቀበሉ እዚያው በባለቤቱ ፊት የውሰት ደረሰኝ ይጻፉ፦ የባለቤቱ ስም፣ የፎቶግራፉ ብዛት፣ ያለበት ሁኔታ (የተቀደደ፣ የደበዘዘ)፣ የሚመለስበት ቀን። አንዱ ቅጂ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለኮሚቴው ነው። በፎቶግራፉ ጀርባ በእስክሪብቶ አይጻፉ፤ ቀለሙ ከዓመታት በኋላ ወደ ፊት ይወጣል። ፕላስተር አይለጥፉ፣ ላሚኔትም አያስደርጉ፤ ሁለቱም የማይመለሱ ጉዳቶች ናቸው። በ600 ዲፒአይ ስካን ያድርጉና ዋናውን በተባለው ቀን ይመልሱ። ለዐውደ ርእዩ የሚሰቀለው ቅጂው ነው።

አገር ውስጥ ያላገኙትን ውጭ ይፈልጉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መምህራን ይልኩ የነበሩ ተቋማት ፎቶግራፎቻቸውን ይዘው ተመልሰዋል። የዓለማያን ዘመን ሰነዶች የሚፈልግ ሰው ኮሌጁን በማቋቋም ለተሳተፈው ለኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መጻፍ አለበት፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሉሲየን ማት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን) ስለነበሩ የእሳቸውን ዘመን የሚያጠና ወደ ካናዳ ኢየሱሳውያን መዛግብት መጻፍ ይገባዋል። መልስ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ ደብዳቤውን ቀደም ብለው ይላኩ።

ደረጃ 5፦ የንግግር መርሐ ግብሩን ያቅዱ

የኮሌጅ በዓልን ከሌላው በዓል የሚለየው ንግግሩ ነውና ከሁሉ በላይ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። በአንድ ቀን ስምንት ጽሑፎች ከማጨናነቅ ይልቅ በበዓሉ ዓመት ውስጥ በየወሩ አንድ የሕዝብ ንግግር አድርጎ፣ በዋናው ዕለት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ማቅረብ ይሻላል። ወርኃዊው ንግግር ኮሚቴውን ለዋናው ቀን ያለማምደዋል፤ ድምፅ ማጉያው እንደማይሠራ፣ አወያዩ ሰዓት እንደማያስከብር የሚታወቀው ሠላሳ ሰው ባለበት እንጂ የክብር እንግዳው በተቀመጠበት ዕለት መሆን የለበትም።

ርእስ ሲመርጡ “የኮሌጁ ታሪክና አስተዋጽኦ” የሚል ሰፊ ርእስ ለማንም አይስጡ። ተናጋሪው ሁሉንም ነካክቶ ያልፋል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛውም ያንኑ ይደግሙታል። በምትኩ በአንድ ጥያቄ ያጥብቡት። ጎንደር ቢሆን፣ ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በአንድ ቡድን እየሠለጠኑ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የተላኩበትን አሠራር የሚመረምር ንግግር ይሆናል፤ የእርሻ ኮሌጅ ቢሆን፣ ማስተማር፣ ምርምርና ለገበሬው ማዳረስ በአንድ ተቋም ሲጣመሩ የገጠማቸውን የሚያሳይ። የኮሌጁን የድካምና የመከራ ዓመታት የሚመለከት አንድ ርእስም ይካተት፤ በታዳሚው መካከል በእነዚያ ዓመታት ጓደኞቻቸውን ያጡ ሰዎች ይቀመጣሉና ምንም እንዳልሆነ ማለፍ ይጎዳቸዋል።

ለተናጋሪው የሚላከው ደብዳቤ ርእሱን፣ ደቂቃውን፣ የታዳሚውን ማንነት፣ የሚከፈለውን አበል፣ የጽሑፉን ማስረከቢያ ቀንና ንግግሩ እንደሚቀረጽ በግልጽ ይጻፍበት። ጽሑፉን ከበዓሉ ሦስት ሳምንት በፊት ይቀበሉ፤ ከዕለቱ በኋላ “አስተካክዬ እልካለሁ” የተባለ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ የመድበሉ ኅትመትም የሚቀረው በዚህ ነው። ለአንድ ንግግር 30 ደቂቃ፣ ለውይይት ቢያንስ 20 ደቂቃ ይመድቡ። ከታዳሚው ጥያቄ በጽሑፍም ይቀበሉ፤ ማይክሮፎን ሲያገኝ ሌላ ንግግር የሚጀምር ሰው አይጠፋምና በጽሑፍ የመጣውን አወያዩ ማጠር ይችላል። አወያዩን በማዕረጉ ሳይሆን ሰዓት በማስከበር ችሎታው ይምረጡት።

ደረጃ 6፦ የመክፈቻውን ሥነ ሥርዓት በደቂቃ ይጻፉ

የሕሊና ጸሎት 1 ደቂቃ፤ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር 5፤ የክብር እንግዳው የመክፈቻ ንግግር 10፤ የምሩቃን ተወካይ 5፤ የተማሪዎች ኪነት 10፤ ቀጥታ ወደ ዋናው ንግግር። ይህ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ማለፍም የለበትም። “አንድ ቃል ይበሉ” እየተባሉ ሳይዘጋጁ ወደ መድረክ የሚጋበዙ ሰዎች ከዋናው ተናጋሪ ሰዓት ላይ ይሰርቃሉ፤ አንድ ሊቅ ከሌላ አገር ተጠርተው መጥተው፣ ምሳ ደረሰ ተብሎ በ12 ደቂቃ እንዲጨርሱ ሲነገራቸው አይቻለሁ። መድረክ መሪው ከተጻፈው ውጭ ማንንም እንዳይጠራ አስቀድሞ ይነገረው።

ደረጃ 7፦ ዐውደ ርእዩን ያዘጋጁ

ከአርባ እስከ ስድሳ ፎቶግራፍ በቂ ነው። እያንዳንዱ መግለጫ ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ከሠላሳ በማይበልጡ ቃላት ይመልስ፤ ፊደሉም የ80 ዓመት ሰው ቆሞ እንዲያነበው ይጉላ። ያልታወቁ ሰዎች ባሉባቸው ፎቶግራፎች አጠገብ ወረቀትና እርሳስ አንጠልጥለው “የሚያውቋቸውን ይጻፉልን” ብለው ይጠይቁ። ለወራት ያልተገኘ ስም በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲገኝ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ቁሳቁስ ካለ (የድሮ የላቦራቶሪ ሚዛን፣ የጽሕፈት መኪና፣ የደወል ብረት) በመስታወት ሳጥን ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ዋና ሰነዶች ከመስኮት ብርሃን ይራቁ።

ደረጃ 8፦ ቋሚ መታሰቢያ

*የመታሰቢያ ሰሌዳ።* ጽሑፉን ከመቀረጹ በፊት ሦስት ሰዎች ለየብቻቸው ያንብቡት፤ አንዱ የአማርኛ መምህር ይሁን። ሐ እና ሀ፣ ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ጸ እና ፀ በወረቀት ላይ ሲቀያየሩ ይታረማሉ፤ በእብነ በረድ ላይ ግን አይታረሙም። የመሥራቾችን ስም ራሳቸው ይጽፉት በነበረው ፊደል ይጻፉ፤ ፊርማቸውን ከድሮ ደብዳቤ ማየት ይቻላል። ከዓመቱ ቀጥሎ “ዓ.ም.” የሚለውን አይርሱ፤ ያለ እሱ አቆጣጠሩ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ለማተሚያ ቤትም ሆነ ለቀራጩ የሚላከው ፋይል ፊደሉ ወደ ቅርጽ (አውትላይን) የተለወጠ ይሁን፤ አለዚያ በእነሱ ኮምፒውተር ሲከፈት የግእዝ ፊደሉ ወደ ባዶ ሳጥን ይለወጣል።

*ችግኝ።* በታኅሣሥ ወይም በጥር ተተክሎ ፎቶግራፍ የተነሣ ችግኝ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሚያዝያ ይደርቃል። ተከላውን ወደ ሐምሌ ያዛውሩ፤ ካልሆነ እስከ ክረምት ውሃ የሚያጠጣ ሰው በስም ይመድቡ። ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ረጅም ዕድሜ ያላቸው አገር በቀል ዛፎች ናቸው፤ ለቦታው ከፍታ የሚስማማውን ከግቢው አትክልተኛ ጋር ይምረጡ።

*ቴምብር።* የመታሰቢያ ቴምብር ከፈለጉ ጥያቄው ለኢትዮጵያ ፖስታ በኮሌጁ ኃላፊ ፊርማ ይቀርባል። ንድፉም ኅትመቱም ጊዜ ስለሚወስድ በዓመቱ መጀመሪያ ይጻፉ።

ደረጃ 9፦ ጥሪና የበር አገባብ

ጥሪው ማኅተምና ፊርማ ባለው ደብዳቤ ለተቋማት ከስድስት ሳምንት በፊት፣ በካርድ ለግለሰቦች ከሦስት ሳምንት በፊት ይድረስ። ለአረጋውያን ካርድ ብቻ አይበቃም፤ ስልክ ይደወልላቸው፣ መምጫቸውም ይጠየቅ።

ስም ዝርዝሩ ላይ ይጠንቀቁ። እኛ ሰው የምንፈልገው በራሱ ስም ነው፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ምሩቃን በኢንተርኔት ሲመዘገቡ ግን ቅጹ የአባታቸውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ያስቀድመዋል። በአንድ በዓል ላይ ዝርዝሩ በአባት ስም ተደርድሮ ለጥበቃ ተሰጥቶ ነበር። ከመጀመሪያው ዙር ምሩቃን አንዷ እናት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የጥሪ ካርዳቸውን ሴት ልጃቸው ይዛላቸው፣ ጥበቃው “ስምዎ የለም” እያለ ገጽ ሲያገላብጥ 40 ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ስማቸው ነበረ፤ በአባታቸው ስም ፊደል ሥር ነበር። ያን ዝርዝር ያተምኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን በራስ ስም ፊደል ተራ አድርጌ፣ የአባትን ስም ከጎኑ ጽፌ፣ በየበሩ ሁለት ቅጂ አስቀምጣለሁ፤ ስሙ ያልተገኘ አረጋዊም ጥላ ሥር ተቀምጦ እንዲጠብቅ አንድ አስተናጋጅና ወንበር እመድባለሁ።

ለግቢው ጥበቃና ለአካባቢው ፖሊስ ቀኑን፣ የሰው ብዛትንና የክብር እንግዶችን የሚገልጽ ደብዳቤ ቀድሞ ይድረስ። ካሜራና መቅረጫ ይዘው የሚገቡ ሰዎች ስምም ይካተት፤ በፍተሻ ላይ የሚዘገዩት እነሱ ናቸው።

ደረጃ 10፦ አዳራሽ፣ ድምፅ፣ መብራት፣ ሥርጭት

ጄኔሬተሩን በዋዜማው ማስነሣት ብቻውን ፈተና አይደለም። ድምፅ ማጉያው፣ ፕሮጀክተሩና መብራቱ ሁሉ በርተው ዋናውን መስመር አስጠፍተው ግማሽ ሰዓት ይሞክሩት፤ ባዶውን የሚሠራ ጭነት ሲመጣ የሚጠፋ ብዙ ነው። የንግግሮቹን ፋይሎች ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀድመው ይጫኑ።

ውጭ ላሉ ምሩቃን በቀጥታ ካስተላለፉ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። “ከቀኑ 11 ሰዓት” የሚል ማስታወቂያ ብቻውን ዋሽንግተን ላለ ሰው ግራ ነው። በአዲስ አበባ ከቀኑ 11:00 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን በበጋቸው ከጠዋቱ 10፣ በክረምታቸው ከጠዋቱ 9፣ በእነሱ አቆጣጠር ማለት ነው። ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት ይቀድማል፤ እስራኤል በክረምታቸው ወራት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲሆን በበጋቸው ከእኛ ጋር እኩል ነው። ጠዋት 3:00 ሰዓት የሚጀመር ንግግር አሜሪካ ላሉት ሌሊት ነው፤ ቢያንስ አንዱን ንግግር ከሰዓት በኋላ ያድርጉት።

ደረጃ 11፦ ምግብ

የጾምና የፍስክ ምግብ፣ እንዲሁም የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ፣ በተለያየ ጠረጴዛ፣ በተለያየ ጭልፋና በግልጽ ጽሑፍ ይቅረቡ። ጭልፋ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውር አስተናጋጅ ካለ እንግዳው ሳይበላ ይወጣልና ለአስተናጋጆቹ ከመክፈቻው በፊት በቃል ይነገራቸው። በጾም ወቅት ከሆነ የጾሙ ምግብ ከተጠበቀው ቁጥር ይብለጥ፤ የማይጾሙት የጾም ይበላሉ፣ የሚጾሙት ግን የፍስክ አይበሉም። ለአረጋውያን ቡፌ ፊት መሰለፍ ስለሚከብድ ተማሪዎች ያቅርቡላቸው።

ደረጃ 12፦ ከበዓሉ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት ቅጂዎችንና ቪዲዮዎችን በሁለቱ ዲስኮች ላይ ያስቀምጡ። በወሩ ውስጥ ሒሳቡ በገለልተኛ ሰው ተመርምሮ፣ ገቢና ወጪው ለአዋጪዎች ሁሉ በጽሑፍ ይድረስ። በሦስት ወር ውስጥ የንግግሮቹ መድበል ታትሞ ከአንድ በላይ ቅጂው ለኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክርና ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይሰጥ፤ በአንድ መደርደሪያ ብቻ ያለ መጽሐፍ ከአንድ የቧንቧ ፍሳሽ በኋላ የለም። የድምፅ ቅጂዎቹ ከነፈቃዳቸው፣ ከነስም ዝርዝራቸው በቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ይግቡ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

*ቲሸርትና ኮፍያ አስቀድሞ ማሳተም።* ቀኑና ቁጥሩ ሳይጸድቅ የታተመ ዕቃ ኮሚቴውን ለተሳሳተ ዓመት ያስገድደዋል። ደረጃ 1 በፊርማ ሳይዘጋ ምንም አይታተም።

*ኮሌጁን በአሁኑ ስሙ ብቻ መጥራት።* የጎንደሩ ኮሌጅ በየዘመኑ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። በየፎቶግራፉ ሥር በዚያ ዘመን የነበረውን ስም ይጻፉ፤ አለዚያ የድሮው ምሩቅ ዲፕሎማው ላይ ያለውን ስም በራሱ ኮሌጅ በዓል ላይ ያጣዋል።

*የሟቾችን ስም ዝርዝር ከአንድ ምንጭ ማንበብ።* በሕይወት ያለ ሰው ስም በሟቾች መካከል ሲነበብ ይቅርታ አይበቃም። እያንዳንዱን ስም ከቤተሰብ ወይም ከሁለት የክፍል ጓደኞች ያረጋግጡ፤ ያልተረጋገጠውን አያንብቡ።

*የተዋሱትን ፎቶግራፍ በኮሚቴው ሣጥን ማስቀረት።* በደረሰኝ ጥራዙ ላይ “ተመልሷል” የሚል ፊርማ የሌለበትን ገጽ ሁሉ ይቁጠሩ፤ እያንዳንዱን ፎቶግራፍ በእጅዎ ይዘው ወደ ባለቤቱ ቤት ይሂዱና ያስፈርሙ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የኮሚቴውን የመጨረሻ ቃለ ጉባኤ ይዝጉ።